ዓይናማው ለሆቴል፣ ዕውሩ ለእኛ

«እንደምን ሰነበቱ? የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ በአንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ግጥም እጽፋለሁ። እስካሁን ሰባት ደብተር ሞልቷል፤ ሁሉም በካርቶን ሆነው አልጋዬ ሥር ናቸው። ባለፈው ጥቅምት የሥራ ባልደረባዬ ሳታማክረኝ በአንድ የግጥም ምሽት ላይ ስሜን አስመዘገበች። ደብተሮቼን ሁሉ ባገላብጥ ለመድረክ የሚመጥን ስላጣሁ አዲስ ግጥም ጻፍኩ። ስሜ ሲጠራ ከወንበሬ መነሣት አቃተኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ስንኝ አልጻፍኩም።

«የእኔ ግጥሞች ተራ ናቸው፤ ስለ ጓዳ፣ ስለ ጭስ፣ ስለ እናቴ። እናታችን እኔንና ሁለት ወንድሞቼን ያሳደገችን እንጀራ እየጋገረች ለሆቴል በመሸጥ ነው። ማታ እንጀራውን ስትለይ ‹ዓይናማው ለሆቴል፣ ዕውሩ ለእኛ ነው› ትል ነበር፤ እኛም እንስቅ ነበር። ይቅርታ፣ ከጉዳዬ ወጣሁ። አሁን መሸጡን ትታለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለቤት ብቻ ትጋግራለች። አክስቴ ግጥም እንደምጽፍ ስታውቅ ‹እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች› አለችኝ። ደግሞስ ባነብበው የቤታችንን ገመና አወጣች አይሉኝም? ለመድረክ ከጻፍኩት ግጥም ሁለት ስንኝ ልኬልዎታለሁ። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ተሰጥዖ አለኝ ወይስ ልተወው?

ደብተሯን የደበቀችው፣ ከአዲስ አበባ»

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ በሁለተኛውም በሦስተኛውም እዚያው ቦታ ላይ ቆምኩ። የቆምኩበት ቦታ ደግሞ አንቺ ይቅርታ የጠየቅሽበት ነው። «ከጉዳዬ ወጣሁ» አልሽ። እኔ ግን እልሻለሁ፤ በዚያ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ ወደ ጉዳይሽ የገባሽው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

እስቲ የላክሽልኝን ሁለት ስንኝ እዚህ ላስቀምጠው፤

የዘመን ማዕበል ሲንጠኝ በባሕር፣
የተስፋዬ ጀንበር አበራች በክብር።

ቤቱ ይመታል። ቀለሙ፣ ማለትም በስንኙ ውስጥ የሚቆጠረው ድምፅ፣ ስድስት በስድስት እኩል ተከፍሏል፤ አልተሰበረም። ይህን ያህል ጆሮ ያለው ሰው «ተሰጥዖ አለኝ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ለዚያኛው ጥያቄሽ መልሱ ይኸው ነው። ነገር ግን እኅቴ፣ ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ? ማዕበል አናውጦሽ ያውቃል? እነዚህ ቃላት ብዙ ሰው ተጠቅሞባቸው፣ ብዙ መድረክ ረግጠው፣ ደክመው ወደ አንቺ የመጡ ናቸው። ግጥሙ የተሠራ ነው፤ አንቺ ግን በውስጡ የለሽበትም።

አሁን ደግሞ የእናትሽን ቃል ጮክ ብለሽ በዪውና በጣትሽ ቁጠሪው፤ ዓይናማው ለሆቴል፣ ዕውሩ ለእኛ ነው። ስድስት ቀለም፣ ዕረፍት፣ ስድስት ቀለም። ከአያቶቻችን ጀምሮ በአማርኛ ሲገጠምበት የኖረው የወል ቤት ማለት ይህ ነው። ማንም ሳያስተምራት፣ ደክሟት እንጀራ እየለየች ከአፏ ወጣ። በዚያች አንድ መስመር ውስጥ ሆቴሉ አለ፣ ድህነቱ አለ፣ ልጆቿ እንዳይከፋቸው ነገሩን ወደ ሳቅ የመለወጥ ጥበቧ አለ። ዓይን ያለው ዓይን ላለው ሰው ሄደ፤ እናንተ ደግሞ ዕውሩን በልታችሁ አደጋችሁ። ስለዚህ መስመር አንድ ሳምንት ሙሉ አስቤያለሁ፤ ስለ ማዕበሉ ግን ላስብ ብሞክርም የምይዘው ነገር አላገኘሁም።

ከወንበርሽ ያልተነሣሽበትን ምክንያት እኔ እንዲህ ነው የምገምተው። ደብተሮችሽን አገላብጠሽ ሰባቱንም ገሸሽ አደረግሻቸው፤ በምትካቸው ለመድረክ ይመጥናል ያልሽውን አዲስ ግጥም ጻፍሽ። ስምሽ ሲጠራ የሚነበበው ግን የአንቺ አልነበረም። በሰው ልብስ አደባባይ መውጣት ያስፈራል፤ ጉልበትሽ ያልታዘዘሽ ፈሪ ስለሆንሽ አይመስለኝም። እንዲያውም ያ ጥርጣሬሽ ትክክለኛ ነበር፤ የተሳሳተው መደምደሚያሽ ነው። ጥርጣሬው «ይህ ግጥም የአንቺ አይደለም» አለሽ፤ አንቺ ግን «አንቺ ገጣሚ አይደለሽም» እንዳለሽ አድርገሽ ሰማሽው። ከዚህ በኋላ ሁለቱን ለይተሽ አድምጪ። ስንኝን የሚጠራጠር ጥርጣሬ ወዳጅሽ ነው፤ አታባርሪው።

በሥራሽ ላይ ይህን ነገር ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የደም ናሙና ስላይድ ላይ ቀብተሽ፣ አድርቀሽ፣ ቀለም አጠጥተሽ ከማይክሮስኮፕ ሥር ስታስገቢ ያየሽውን ትጽፊያለሽ። የወባ ተሐዋሲው ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። መጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕል ስለሚያምር ብለሽ ያላየሽውን ውጤት ላይ አትጽፊም፤ ብትጽፊ ሰው ይጎዳል። ግጥም ላይ ስትደርሺ ግን ያየሽውን ጓዳ ትተሽ ያላየሽውን ባሕር ጻፍሽ። በላቦራቶሪ ውስጥ ያለሽን ታማኝነት ወደ ደብተርሽ አምጪው፤ ሌላ የምጨምርልሽ የአጻጻፍ ምክር የለኝም።

ወደ ፍርሃቱ ልመለስ። እኛ ለዚህ ፍርሃት ይሉኝታ የሚል ቃል አለን። ቃሉን ቀረብ ብለሽ ተመልከቺው። «ይሉኛል» ከሚለው የመጣ ነው፤ የሚሉት እነማን እንደሆኑ ግን አይነገርም። ባለቤቱ ከግሡ ውስጥ ተሸሽጓል። ስም የሌለው ሰው ደግሞ ቁጥርም ልክም የለውም፤ ሀገር ሙሉ ሆኖ ይታየናል። ስለዚህ ወረቀት አውጪና «ይሉኛል» ያልሻቸውን በስም ጻፊያቸው። እኔ ከደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ ሁለት ሰው ብቻ ነው ያገኘሁት፤ አክስትሽንና እናትሽን። በዚያ ምሽት አዳራሹን የሞላው ታዳሚ በደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ቦታ አልተነሣም። ሳቁብኝ አላልሽም፣ ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁም አላልሽም። የምትፈሪው አዳራሹን አይደለም ማለት ነው፤ ቤትሽን ነው።

አክስትሽን በአጭሩ ልለፋቸው። የተናገሩት ተረት እውነት ነው፤ የሚያወግዘው ግን ታይታን ነው። ራስን ማሳየትና ያለሽን መስጠት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲዋን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አስቢ። በወጣትነታቸው ዓለምን ትተው የመነኑ፣ በመጨረሻም በኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ውስጥ የኖሩ ናቸው። ከእሳቸው ይበልጥ ከታይታ የሸሸ ሰው ከየት ይገኛል? ሆኖም ፒያኗቸውን አልተዉም። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን አገር ታተመ፤ ገቢው ወላጅ ላጡ ልጆች እንዲውል ነበር ያሰቡት። በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ሙዚቃቸው ስማቸውን እንኳ መጥራት በማይችሉ ሰዎች ቤት ሁሉ ገብቶ ነበር። ምነና ያልከለከላቸውን አንቺን የአክስትሽ ተረት ሊከለክልሽ አይገባም። አክስትሽን በአክብሮት ስሚያቸው፤ ደብተሩን ግን በእሳቸው ቃል አትዝጊው።

ደግሞስ ግጥምን ለሰው ማድረስ ከመድረክ ይጀምራል ያለሽ ማን ነው? ባልደረባሽ በቅን ልብ ነው ያስመዘገበችሽ፤ ግን ከደረጃው ሥር ወደ ሰገነቱ በአንድ ጊዜ እንድትዘይ ነው የፈረደችብሽ። በቅኔ ቤት እንዲህ አይደረግም። ተማሪው ከጓደኞቹ ተነጥሎ ዛፍ ሥር ወይም ጫካ ይገባል፤ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ይደርሳል ማለት ነው። ሲመለስ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያዳምጣል፣ የተሰበረውን ያቃናል፣ ምሥጢሩ ያልሞላውን ይመልሳል። መጀመሪያ የሚቆጠረው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ስምንት ቤት ካለው መወድስ ላይ የሚደረሰው ብዙ ከተቆየ በኋላ ነው። በቅኔ ትምህርታቸው ከታወቁት ከዋድላ፣ ከጎንጅና ከዋሸራ የወጣውም ባለቅኔ በዚሁ መንገድ ነው ያለፈው። በበዓል ቀን በቤተ መቅደስ ቆሞ ቅኔ ሲቀኝ የምታዪው ሊቅ፣ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ የተሰበረ ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት እንደቀረበ አስቢ። ሁልጊዜም የሚጀመረው በአንድ ጆሮ ነው።

በጎጃም የቅኔ መምህርት የነበሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ነበሩ። ቅኔን የተማሩት ከአባታቸው ነው፤ ኋላም ወንዶቹን ሳይቀር አስተምረዋል። የመጀመሪያ አድማጫቸው ከገዛ ቤታቸው ተገኘ። የአንቺም እንደዚያው ነው የሚመስለኝ።

እናትሽን ማለቴ ነው። የደብዳቤሽ እውነተኛ ጭንቀት ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። «ገመናችንን አወጣች አይሉኝም?» ብለሻል። ይህን ፍርሃት አልንቅብሽም፤ ገመና ትልቅ ነገር ነው። እናት ልጆቿን ምን አብልታ እንዳሳደገች ጎረቤት እንዳያውቅባት መሶቧን ሸፍና ኖራ ይሆናል። ያንን ክዳን ልጇ ሳትጠይቃት አዳራሽ ውስጥ ብትከፍተው፣ ግጥሙ የቱንም ያህል ቢያምር በደል ነው። «ኪነ ጥበብ ነው» ብሎ የሰውን ገመና መዘርገፍን እኔ በፍጹም አልደግፍም።

ነገር ግን በዚያ ቤት የነበረው ሁሉ የእናትሽ ብቻ አይደለም። ዕውሩን እንጀራ የበላሽው አንቺ ነሽ፤ ጣዕሙ የአንቺ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠሉ ጭስ ዓይንሽን ሲያቃጥልሽ የፈሰሰው እንባ የአንቺ ነው። የሆቴሉ ሰው እንጀራውን ሲቆጥር በር ላይ ቆመሽ ያየሽው፣ የተሰማሽ እፍረት ወይም ኩራት፣ ያ የአንቺ ነው፤ ለመጻፍ ማንንም አታስፈቅጂም። «ዓይናማው ለሆቴል» የሚለው ቃል ግን የእሷ ነው። እሱን አደባባይ ከማውጣትሽ በፊት ልትሰማው ይገባል፤ ባለቅኔዋ እሷ ናትና።

እንዲህ አድርጊ። ከሰባቱ ደብተሮች መካከል የጓዳውን ግጥሞች አውጪ። አንዱን ብቻ ምረጪ፤ ስታነቢው ፊትሽ የሚግለውን። የሚያምረውን አትምረጪ። ከዚያ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ብቻሽን፣ በር ዘግተሽ። ምላስሽ የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጊ፤ ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ያለው ቃል የተዋስሽው ነው። አውጪውና በቤታችሁ በሚነገረው ቃል ተኪው። ምጣድ ከሆነ ምጣድ በዪ፤ ማሰሻ፣ አክንባሎ፣ ሰፌድ፣ አብሲት ሁሉም በስማቸው ይጠሩ። አንባቢው ያውቃቸዋል። «የሕይወት እቶን» ከምትዪው «ምጣዱ ሲግል» ብትዪ ሰው እጁን ይሰበስባል።

ቀጥሎ ለእናትሽ አንብቢላት። በበዓል ቀን ሰው ተሰብስቦ ሳለ አይሁን፤ ሳሎን አስቀምጠሽ «ስሚኝ» ብለሽም አታስጨንቂያት። ቅዳሜ ስትጋግር ጓዳ ግቢ። እጇ ሥራ ላይ ሲሆን ጆሮዋ ነጻ ነው፤ ዓይኗንም ከዓይንሽ ጋር ማጋጠም አይጠበቅባትም፤ ለሁለታችሁም ይቀላል። አንብበሽ ስትጨርሺ «ጥሩ ነው?» ብለሽ አትጠይቂያት፤ እናት «ጥሩ ነው» ነው የምትልሽ። «እንዲህ ነበር?» ብለሽ ጠይቂያት። ያኔ ታርምሻለች፤ «ኧረ አይደለም፣ ያኔ እኮ ምጣዱ ተሰንጥቆ ነበር» ትልሻለች፤ አንቺ የማታውቂውን ትነግርሻለች። የቅኔ መምህር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዝም ካለችም አትደንግጪ፤ ዝምታዋን ትዕግሥት ስጪው። «ይህንን ለሰው አታንብቢ» ካለችሽ ደግሞ እሺ በያት፤ በሙሉ ልብሽ እሺ በያት። ሌሎች ግጥሞች አሉሽ፤ ስድስት ደብተር ከዚያ ይተርፋል። ግን ያቺን ግጥም ሰማች፤ እሷ ከሰማቻት ግጥሟ የመጀመሪያ ሰዋ ዘንድ ደርሳለች።

በዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ከራሴ ስለማውቀው ነው። ስለ አባቴ አንድ ገጽ ጽፌ ነበር። «ትንሽ ላስተካክለውና አነብለታለሁ» እያልኩ ሁለት ዓመት አቆየሁት። ያኛውን ቃል በዚህ ለወጥኩ፣ መግቢያውን ደጋግሜ ጻፍኩ። አሁን ገጹ በመሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ በጣም ተስተካክሏል። አባቴ የለም። ዝም አይነቅዝም ሲባል ሰምተሻል፤ በመሳቢያ ውስጥ የከረመ ወረቀት ግን ሲነቅዝ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከእናትሽ በኋላ ባልደረባሽ አለችልሽ፤ ስለምትወድሽ አይደል ያስመዘገበችሽ? ለእሷም ስታነቢ ጥያቄውን አስተካክለሽ ጠይቂያት፤ «የት ላይ ሐሳብሽ ሸሸ?» በያት። «በጣም ያምራል» የሚል መልስ ሆድ ያሞቃል እንጂ ስንኝ አያቃናም። ቀጥሎ ሦስት አራት ሰው፣ ቡና ሲፈላ። ወደ መድረኩ የምትመለሺው እዚህ ሁሉ ካለፍሽ በኋላ ነው፤ ስምሽንም ያን ጊዜ ራስሽ አስመዝግቢ።

ያኔ ድምፅሽ ይንቀጠቀጣል። አልዋሽሽም፤ የማይንቀጠቀጥ ሰው ጥቂት ነው። አጭር ግጥም ያዢ፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ወረቀቱን በሁለት እጅሽ ያዢው፣ የመጀመሪያውን ስንኝ ከለመድሽው ቀስ አድርገሽ በዪው፣ ስንኝ ሲያልቅ ተንፍሺ። ስድስትና ስድስቱ መካከል ያለችው ዕረፍት የተሠራችው ለትንፋሽ ነው። ከጨረስሽ በኋላ «ይቅርታ፣ ጀማሪ ነኝ» አትበዪ። አመስግነሽ ውረጂ። ያ ንባብ ባይሳካም እናትሽን ጠይቂያት፤ አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ እንደማያወጣ፣ የመጀመሪያው ከምጣዱ ተጣብቆ እንደሚቀር ትነግርሻለች። በዚያ የተነሣ ሊጡን የደፋ ሰው ግን እሷም አይታ አታውቅም።

ከወጣሽበት ምሽት ጀምሮ አንድ ስንኝ አለመጻፍሽ አሳዝኖኛል። ወራቱን ለመካስ ብለሽ ረጅም ነገር አትጀምሪ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው። የእናትሽ ቃል የመጀመሪያው ቤት ይሁንልሽ፤ ሁለተኛውን ቤት አንቺ መልሺለት። ዕውሩን እንጀራ በልታ ያደገችው ልጅ፣ ዛሬ ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ ዓይን ስትመለከት የምትውለው ልጅ፣ ለዚያች መስመር ምን ትመልሳለች? ይህን ከአንቺ በቀር ሊጽፈው የሚችል ሰው የለም፤ እኔም ልሞክረው አልደፈርኩም።

ቅዳሜ ጓዳ ስትገቢ ደብተሩን ከማሰሻው ራቅ አድርገሽ ያዢው፤ ጎመን ዘር የነካው ወረቀት ብዕር አይቀበልም። እናትሽ ምን እንዳለችሽም ጻፊልኝ።